በባዕድ ከተማ ብቻዋን ስለምትኖር እኅት

ሞዓባዊት ሩት በቤተ ልሔም ቃርሚያ ስትቃርም ቦዔዝ ከገረዶቹ እንዳትለይ መከራት፤ ጐበዛዝቱንም እንዳይነኳት አዘዘ (ሩት ምዕ. 2)። ምክሩ ለእርስዋ፥ ትእዛዙ ግን ለወንዶቹ እንደ ሆነ ልብ እንበል።

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ተነሥታ ወደ ሮም ወይም ወደ ፍራንክፈርት ብቻዋን የምትሄድ ልጅ፥ በአገርዋ ሳለች ውሃ ስትቀዳ እንኳ ከባልንጀሮችዋ ጋራ ነበረች፤ በዚያ ግን ብትጮኽ የሚደርስላት ጎረቤት ላይኖር ይችላል። እኛም በሽኝትዋ ቀን መርቀን እንሰዳታለን። ምርቃቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ በ112 ቁጥር ፖሊስንና ሐኪምን ያለ ክፍያ መጥራት እንደሚቻል ማን ነገራት? ፓስፖርትዋን ለአሠሪ እንዳታስረክብ፥ ግልባጩንም በወላጆችዋ ዘንድ እንድታኖር ማን መከራት?

ከዚህ የሚብሰው በእኛው ዘንድ ያለው ነው። በደል ቢደርስባት «ብቻዋን ማን ሂጂ አላት?» እንደምንል አስቀድማ ታውቃለችና ዝም ትላለች፤ በዳይዋም በዝምታዋ ይጠቀማል። ስለዚህ የነፍስ አባትዋ ከመሄድዋ በፊት፥ ማናቸውም ነገር ቢያገኛት ነቀፋ እንደማይጠብቃት በግልጽ ይንገራት። ቤተ ክርስቲያናችን ባለችበት ከተማም ለሚያገለግለው ካህን ደብዳቤ ይጻፍላት፤ እኅቶች ወጥተው እንዲቀበሏት፥ በመጀመሪያዎቹም ሳምንታት ብቻዋን እንዳይተዉአት።