ሽጉጥ ለመግዛት ላሰብከው የወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ ባለፈው ስትደውል «ጋሼ፣ እርስዎ መሣሪያ ያውቃሉ፤ ልብስ ሥር የምትያዝ ትንሽ የብረት ሽጉጥ ብገዛ የትኛዋ ትሻለኛለች?» ብለህ ጠይቀኸኝ ዝም ማለቴ ቅር እንዳሰኘህ እናትህ ነግራኛለች። በስልክ የሚወራ ነገር ስላልሆነ ነው። ደግሞም ከፖሊስ ቤት በጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ የሚይዙትን ሰዎች ሳልጠይቅ ብመልስልህ ያረጀ ወሬ ነበር የምትሰማው። አሁን እዚህ አምቦ፣ ጉደርና ጊንጪ፣ ጌዶም ድረስ በፈቃድ የታጠቁ ሰዎችን ጠይቄያለሁ። እነሱ ያሉትንና እኔ በመሣሪያ ግምጃ ቤት ያየሁትን በተራ ጽፌልሃለሁ። የሚጎረብጥህ ካለ ዘለህ አትለፈው።

1. ወረቀቱ ከብረቱ ይቅደም።

በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መታጠቅን ብቻ አይደለም የከለከለው፤ መግዛትን፣ መሸጥንና ለሌላ ማስተላለፍንም ጭምር ነው። «የማውቀው ልጅ ባኮ ላይ ያስመጣልኛል» ያልከኝን ነገር ዛሬውኑ ተወው። ያ ልጅ የሚያመጣልህ ሽጉጥ ከማን ወገብ እንደወጣ፣ ማንን እንደመታ አታውቅም። ኬላ ላይ ተይዘህ ቁጥሩ ሲጣራ፣ አንተ በሌለህበት ከተፈጸመ ግድያ ጋር ቢገናኝ ማን ያምንሃል? ወደ ወረዳው ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ራስህ ሂድ፣ የሚጠየቀውን ራስህ አሟላ፣ ደላላ አታስገባ። ከከለከሉህም መከልከልህን ተቀበል።

2. የያዟት ሰዎች የሚሉትን ስማ።

እኛ አገር በወገብ ሲያዙ የማያቸው አሮጌ የብረት ሽጉጦች በአብዛኛው ቤሬታ፣ ማካሮቭና ስታር ናቸው። ሌላም አለ፤ እነዚህን ግን ፈትቼ ገጥሜያቸዋለሁ።

ቤሬታ 1934 በወረራው ዘመን የጣሊያን መኮንኖች የታጠቋት ናት። ሰባት ጥይት ትይዛለች። ጌዶ ያሉት ሽማግሌ ከአባታቸው የወረሷትን አውጥተው አሳዩኝ፤ ጠርዟ ሁሉ ከመወልወል ብዛት ነጥቷል። «ቆንጆ ናት፣ ግን መጠበቂያዋ ግማሽ ዙር ካልዞረ አትተኩስም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በተደናገጠ እጅ የሚከፈት መጠበቂያ አይደለም። ጥይቷንም ካየሁት ቆየሁ ነው የሚሉት። ለማስታወሻ ትቀመጥ።

ማካሮቭን ታውቃታለህ፤ በደርግ ጊዜ መኮንን የተባለ ሁሉ ወገብ ላይ ነበረች። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1951 ለጦራቸው የተቀበሏት፣ አካሏ ብረት የሆነች፣ ባዶዋን 730 ግራም የምትመዝን፣ ርዝመቷ 16 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ስምንት ጥይት የምትይዝ ሽጉጥ ናት። የጉደሩ ጡረተኛ መኮንን «ጭቃም ዝናብም አይታለች፣ አንድ ቀን አልነከሰችብኝም» ይሏታል። እኔም በግምጃ ቤት ያየሁት ይኸንኑ ነው፤ ከምትበላሽ የሚይዛት ሰው ቢበላሽ ይቀድማል። መጠበቂያዋ በግራ በኩል ናት፤ ወደ ላይ ስትገፋት ትዘጋለች፣ ወደ ታች ስታወርዳት ቀይ ነጥብ ብቅ ትላለች። ቀይ ካየህ ትተኩሳለች ማለት ነው።

ነውሯንም ልንገርህ። የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ ቃታዋ ረጅምና ከባድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀላል ናቸው። ስለዚህ ያልተለማመደ ሰው የመጀመሪያዋን ጥይት ከዒላማው ውጭ ይሰዳታል፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ሳያስበው ታመልጠዋለች። ካዝናዋን የሚይዘው ከእጀታው ግርጌ ያለ ምላስ ስለሆነ ለመቀየር ሁለት እጅ ትፈልጋለች። ይህን መኮንኑም አልካዱም፤ «ስምንት ጥይት ያልበቃው ሰው ቀድሞውኑ መሮጥ ነበረበት» ብለው ሳቁ።

ስታርን የያዘው የጊንጪ ነጋዴ ነው። የስፔን ሥራ ናት፣ ቢኤም የምትባለው፤ ከማካሮቭ ትከብዳለች፣ ወደ አንድ ኪሎ ትጠጋለች። ክብደቷ ስትተኩስ ይጠቅማታል፤ እጅ ላይ አትራገጥም። ችግሯ መቺዋ ወደ ኋላ ሳይሳብ ቃታው ብቻውን አያስተኩሳትም። እንግዲህ ወይ መቺዋን ስበህ በመጠበቂያ ብቻ ታምነህ ትይዛታለህ፣ ወይ በጭንቅ ሰዓት ለመሳብ ትደናበራለህ። ፋብሪካዋ እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘግቷል። የነጋዴው የካዝና ሞላ ደክሞ ምትክ አጥቶ፣ አሁን ሙሉ ጥይት አይጨምርባትም። ገንዘብህን በእሷ ላይ አታውጣ።

ጥይታቸው ሁሉ «ዘጠኝ ሚሊሜትር» ይባላል፤ አንዱ ለአንዱ ግን አይሆንም። የቤሬታዋ 9 በ17፣ የማካሮቭ 9 በ18፣ የስታር ቢኤም 9 በ19 ነው። በሚሊሜትር ብቻ የሚሸጥልህ ሰው ሙያውን አያውቅም፣ ወይም ያውቅና ይዋሽሃል።

3. «አዲስ ናት፣ ርካሽ ናት» ከሚባለው የቱርክ ሽጉጥ ተጠንቀቅ።

ቱርኮች ደህና ሽጉጥ ይሠራሉ፣ አላማቸውም። ነገር ግን በድብቅ ከሚገቡት ብዙዎቹ መጀመሪያ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ የተሠሩ፣ ኋላ በሕገ ወጥ መንገድ ጥይት እንዲተኩሱ የተለወጡ ናቸው። ውጭ ሲያዩዋቸው ብረት ይመስላሉ፤ አካላቸው ግን የእውነተኛ ባሩድ ግፊት እንዲችል ያልታሰበ የዚንክ ቅልቅል ነው። እንዲህ ያለው የሚፈነዳው እጅህ ውስጥ ነው። የተለወጠ መሣሪያ ደግሞ ፈቃድ ያወጣልኛል ብለህ አታስብ።

4. አያያዟን ከመግዛትህ በፊት ሞክር።

«ትንሽ ናት፣ አትታወቅም» ይሉሃል። ሰባት መቶ ሠላሳ ግራም ብረት ስምንት ጥይት ጨምረህ ጎንህ ላይ አስረህ ከአምቦ አዲስ አበባ በሚኒባስ ተቀመጥ፤ የአንድ መቶ አሥራ ምናምን ኪሎ ሜትሩን እያንዳንዱን ጉድጓድ ትቆጥረዋለህ። ቀበቶህ ስስ ከሆነ ሱሪህን ትጎትታለች፣ አንተም ሁልጊዜ እጅህን ወደ ወገብህ ትልካለህ። ያች እጅ ናት የምታሳብቅብህ። ሌባ ኮትህን ሳይሆን እጅህን ነው የሚያየው።

ያለ ማኅደር ሱሪ ውስጥ ሸጉጦ መሄድን እርም በል። ማኅደሩ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ስትጎነበስ የማይለቅ መሆን አለበት። በክረምት ደግሞ ላብና ዝናብ የጠጣ ቆዳ ብረቱን ያዝገዋል፤ ማታ ማታ አውጥተህ በደረቅ ጨርቅ ወልውላት፣ የመሣሪያ ዘይት በስሱ ቀባት። የምግብ ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ሲውል ሲያድር እንደ ሙጫ ይሆናል።

5. ጥይት ማራገፍን እንደ ጸሎት ተማር።

በሥራ ዘመኔ «ባረቀብኝ» የሚል ቃል የሰጠ ሰው ብዙ አይቻለሁ። አብዛኞቹ የሠሩት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ካዝናውን አወጡ፣ ባዶ ነች አሉ፣ ቃታውን ሳቡ። ካዝና ሲወጣ አፏ ውስጥ የጎረሰችው ጥይት አብራ አትወጣም። ማካሮቭ ያለ ካዝናም ያችን አንዷን ትተኩሳለች። ስለዚህ ሥርዓቱ ይህ ነው፦ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙር፣ ጣትህን ከቃታው አርቅ፣ መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ፣ ከዚያ መጠበቂያውን አውርደህ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳብ፣ የወጣችውን ጥይት ተዋት ትውደቅ፣ ውስጡን በዓይንህ እይ፣ በትንሽ ጣትህም ዳስስ። ብረቱን አስቀድመህ ብትስብና ካዝናውን ኋላ ብታወጣ ሌላ ጥይት ታጎርሳታለህ፤ ቅደም ተከተሉ ቀልድ አይደለም። ሰው ሊያያት ቢለምንህም አታሳይ። እየተሳሳቀ የሚቀባበል ሽጉጥ ነው ወንድምን የሚገድለው።

ቤት ውስጥ ሽጉጡ በአንድ የተቆለፈ ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ይሁን። ፍራሽ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠውን ልጆችህ ካንተ በፊት ያገኙታል።

6. መንገድ ላይ ትጠቅመኛለች የምትለውን መርምረው።

ጤፍ ጭነህ ብር ይዘህ ስለምትመለስ እንደምትሰጋ አውቃለሁ፤ ስጋትህ ከንቱ አይደለም። ግን በዚህ መንገድ ላይ መኪና የሚያስቆም ሰው የሚይዘው ክላሽ ነው፣ ብቻውንም አይመጣም። ሠላሳ ጥይት ከጫነ ክላሽ ፊት ስምንት ጥይት ይዘህ ኮትህን ስትገልብ ምን እንደሚሆን እኔ ልንገርህ አያስፈልግም። ሲፈትሹህ ቢያገኙብህ ደግሞ ይብሳል፤ ወይ ለብረቱ ሲሉ ይገድሉሃል፣ ወይ የሌላ ወገን ታጣቂ ያደርጉሃል። የጊንጪው ነጋዴ በምሥጢር ያለኝን ልንገርህ፦ ረጅም መንገድ ሲሄድ ስታሯን ቤት ቆልፎባት ነው የሚሄደው። እንግዲህ ለምን ገዛት? «ቤት ስላለች እንቅልፍ ይወስደኛል» አለኝ።

ይልቅ ብሩን አትያዝ። ባንክ አለ፣ ከ2013 ጀምሮ ቴሌብርም አለ፤ ገበሬውም ስልክ ይዟል። ካልሆነም በቀን ሂድ፣ ከሰው ጋር ሂድ፣ ጌዶ ሳትደርስ ከመሸብህ ጉደር እደር። ይህ ሁሉ የአንድ ሽጉጥ ዋጋ ሩቡን አያስወጣህም።

7. ሠርግ፣ ለቅሶ፣ አረቄ ቤት፣ ኢሬቻ፣ ጥምቀት፦ ይዘህ አትሂድ።

በደስታም ሆነ በኀዘን ወደ ሰማይ መተኮስ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው የሚሉ አሉ። ወደ ሰማይ የወጣ ጥይት የሆነ ጣሪያ ላይ ይወርዳል። አረቄ ለመቅመስ ካሰብክ ደግሞ ብረቷ ያን ቀን ከቤት አትውጣ።

8. ብትተኩስ ማን እንደሚከፍል እወቅ።

በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ግን አጥቂው ሕገ ወጥ መሆን፣ ጥቃቱ የደረሰ ወይም ደጅ ላይ ያለ መሆን፣ በሌላ መንገድ ልታመልጠው ያልቻልክ መሆን፣ የወሰድከውም እርምጃ ከጥቃቱ ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። በዱላ ለመጣብህ ሰው ጥይት፣ ለሚሸሽ ሌባ ጀርባ ጥይት፣ ይህ መከላከል አይባልም። ልክ ካለፍክ አንቀጽ 79 አለ፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልልህ ይሆናል፣ ከሳሽ ግን አይቀርልህም። «ባርቆብኝ ነው» ብትልም አንቀጽ 543 በቸልተኝነት መግደልን ይቀጣል።

ፍርድ ቤት ሲያልቅ እኛ አገር ጉማው፣ የደም ካሣውና ዕርቁ፣ ይጀምራል። በሽምግልና ስለተቀመጥኩ አይቼዋለሁ። ደም ከፈሰሰ ጉማው እስኪወጣና ዕርቁ እስኪፈጸም የሁለቱ ወገን ሰዎች በአንድ መንገድ አይሄዱም፣ ከአንድ ውሃ አይቀዱም፣ ገበያም አይገናኙም። ካሣው ሲቆረጥ ደግሞ ከገዳዩ ኪስ ብቻ አይወጣም፤ ወንድሙ፣ አጎቱ፣ ሽጉጡን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ የአጎት ልጅ ሁሉ ከብቱን ሸጦ ያዋጣል። አንድ ሽማግሌ ያረሰበትን በሬ ነድቶ ሲያመጣ አይቻለሁ፤ ልጁ የተኮሰው በአረቄ ቤት ጠብ ነበር፣ የሞተውም ሊያገላግል የገባ ሰው ነበር። ጠበኛው ዛሬም በሕይወት አለ። ስለዚህ ያችን ብረት ስትታጠቅ አባትህንና እኔንም ጭምር አስይዘህ ነው። አስተያየት የሰጡኝ ሰዎች ስለ ክብደቷና ስለ ቃታዋ በደስታ ያወራሉ፤ ስለ ጉማው ስጠይቃቸው ግን ሁሉም ወሬ ይለውጣሉ።

9. ፍርዴን ከፈለግህ እነሆ።

ፈቃድ ካገኘህ፣ በሕግ መንገድ ከመጣች፣ በተፈቀደ የልምምድ ቦታ እጅህ እስኪለምዳት ከተኮስክባት፣ ከሦስቱ ማካሮቭን እመርጥልሃለሁ፤ ቤትህንና መጋዘንህን ለመጠበቅ እንጂ ለመንገድ አይደለም። ፈቃድ ካላገኘህ ግን ለባኮው ልጅ ያሰብከውን ብር ለመጋዘኑ በር አውለው፤ የእንጨቱ በር በአንድ እርግጫ እንደሚከፈት ባለፈው አይቼዋለሁ። ብረት በር አሠራ፣ ዘበኛ ቅጠር። ማመልከቻውን ስትጽፍ ንገረኝ፤ ወረዳ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ።