ዳንግላ ላይ ቆንስል ለምን ተቀመጠ?

እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ሮበርት ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ ቆንስል ጎጃም ውስጥ ዳንግላ ተቀምጦ ነበር። ጣናን ዞረ፣ የዓባይን ገደል እየተከተለ ካርታ አነሣ። ምክንያቱ ሱዳን ነው። በ1925 የሰናር ግድብ አልቆ የገዚራ ጥጥ መስኖ አግኝቷል፤ እንግሊዝ ተጨማሪ ውሃ ለማግኘት ጣና ላይ ግድብ ፈለገች።

ግድቡን እንግሊዝ ብትሠራው ጎጃም ላይ እግሯን ተከለች ማለት ነው። በ1925 ማብቂያ ደግሞ ኢትዮጵያን ሳታማክር በጉዳዩ ላይ ከኢጣሊያ ጋር ተስማማች። ራስ ተፈሪ በ1926 ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ፤ በ1927 ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቱን ኒው ዮርክ ላኩ። ወርቅነህ የተነጋገሩት ጄ ጂ ኋይት ከሚባል የኢንጂነሪንግ ኩባንያ ጋር ነው።

ለምን አሜሪካኖቹን? አሜሪካ በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ቅኝ ግዛት የላትም፤ ኩባንያውም የሚፈልገው ክፍያውን እንጂ መሬት አይደለም። እንደ እኔ ይህ የዘመኑ ጮሌ ዲፕሎማሲ ነው። ሆኖም ኩባንያ ብቻውን አይራመድም። በ1902 ውል ምኒልክ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት የዓባይንና የጣናን ውሃ ላለመገደብ ቃል ገብተው ስለነበር፣ የኩባንያው ሥራ የለንደንን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ኩባንያው ወደ ዋሽንግተን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄደ፤ የንግድ ጉዳይ የነበረው የመንግሥታት ደብዳቤ ሆነ። ጥናቱ በ1930 እና 1931 ተካሄደ። ግንባታው ሳይጀመር የኢጣሊያ ወረራ ደረሰ።

 በ1950ዎቹ ግን ዓባይ ላይ የመጣው ኩባንያ ሳይሆን የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ነው። አሜሪካ በ1956 ለአስዋን ግድብ ልትሰጥ ያሰበችውን ገንዘብ ከከለከለች በኋላ፣ ከ1958 እስከ 1964 የመንግሥቷ የመስኖ መሥሪያ ቤት መሐንዲሶች ከኢትዮጵያ ጋር ዓባይን አጠኑ። ካቀዷቸው አራት ትላልቅ ግድቦች የመጨረሻው የሱዳን ድንበር አጠገብ ነው፤ ሕዳሴ ግድብም የተሠራው እዚያው አካባቢ ነው።

የጣናም ውሃ ሳይሠራበት አልቀረም። ከ2010 ጀምሮ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል፤ የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ በለስም በአዊ ዞን የጃዊን ሸንኮራ ያጠጣል። ጣቢያውን የገነባው ሳሊኒ የተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ ሲሆን፣ ሥራውን ያገኘው ያለ ጨረታ ነው።