ልጄ ላቲን ትማር?

ጥያቄ፦ ለንደን የምትማረው ልጄ ላቲን ልምረጥ ትለኛለች። ማንም የማይናገረው ቋንቋ ምን ያደርግላታል?

መልስ፦ ይፍቀዱላት። ድሮ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ለመግባት ላቲን ግዴታ ስለነበር፣ ተማሪው እርባታ ሲሸመድድ ይውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ግዴታው ሲነሣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዉት። ከ1970 ጀምሮ የታተመው የካምብሪጅ መማሪያ ግን በታሪክ ይጀምራል፤ ልጆቹ ከአንድ የፖምፔይ ባለባንክ ቤተሰብ ጋር ቬሱቪየስ እስኪፈነዳ ይሰነብታሉ። ግሩም ዘዴ ነው፤ ሽምደዳው ግን ጨርሶ አይቀርም።

አማርኛ ከቻለች ደግሞ ትቀድማለች። ውሻው ሲነክስ «ካኒስ»፣ ሲነከስ «ካኔም» ይባላል፤ እኛም «ውሻው»፣ «ውሻውን» እንላለን። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ልጅ እዚህ ላይ ይደናገራል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ትምህርቱ እስከ ፈተናው መቀጠሉን አስቀድመው ይጠይቁ፤ በ2022 የተጀመረው የላቲን ድጎማ በ2025 ተቋርጧል።