ጦርነት ይብቃ ያሉ ወታደሮች

ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ አሰብ ወደብ የሚወርደው የመኪና መንገድ በአፋር አገር ገዋኔን አቋርጦ ያልፋል። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት በመርከብ የመጣ መሣሪያ በዚህ መንገድ ወደ መሀል አገር ይጓጓዝ ነበር። የአፋር ሰው መንገደኛ ሲያገኝ ዳጉ ይጠይቃል። ዳጉ ማለት ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መንገር ነው። መሣሪያው የሚሄድበትን የሰሜኑን ጦርነት ወሬ ግን በዚያ ጊዜ ደፍሮ በአደባባይ የሚናገር አልነበረም። እኛ ዛሬ ስለዚያ ጦርነት፣ ይልቁንም «ይብቃ» ስላሉት አዛዦች እናነባለን።

ወታደር እንዴት ጦርነትን ይጠላል? መዋጋት ሥራው አይደለም ወይ? እንል ይሆናል። ነገሩ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ወታደሩ ለምን እንደሚዋጋ አልጠየቀም። ድንበር ተጥሷል፤ አበቃ። የኤርትራው ጦርነት ግን በ1953 ዓ.ም. ተጀምሮ መጨረሻ ያጣ ነበር። በ1974 ዓ.ም. በቀይ ኮከብ ዘመቻ ብዙ ሠራዊት ወደ ናቅፋ ተሰለፈ። ያ ሁሉ ሰው አልቆም ናቅፋ አልተያዘችም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው የገበሬ ልጅ ሞፈሩን ጥሎ ሄደ። ከገበያ የታፈሰም ነበር።

1980 ዓ.ም. ከሁሉም የከፋ ሆነ። በየካቲት የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታቸው ትእዛዝ ተረሸኑ። በወሩ፣ በመጋቢት፣ ይኸው ዕዝ አፋቤት ላይ ተደመሰሰ። ሰኔ 15 ቀን የሐውዜን ገበያ በጦር አውሮፕላን ተደበደበ። እህሉንና ፍየሉን ሊሸጥ የወጣ ገበሬ እዚያው ቀረ። ጄኔራሎቹም እርስ በርሳቸው በሹክሹክታ መነጋገር ያዙ።

እዚህ ላይ ሳንሸሽግ እንናገር። እነዚህ ሰዎች ያንኑ ጦርነት ለዓመታት የመሩ ናቸው። የገበሬውን ልጅ ወደ እሳት የላኩትም እነሱ ነበሩ። «ምነው ቀደም ብለው በተናገሩ!» ብሎ የሚያዝን ሰው እውነት አለው።

ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን በረሩ። የዚያኑ ዕለት ጄኔራሎቹ አዲስ አበባ፣ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰበሰቡ። ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ ነበሩበት። አስመራ ላይ ደግሞ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ተነሡ። ሐሳባቸው መንግሥቱን አውርዶ ጦርነቱን በድርድር መጨረስ ነበር። ድርድር ማለት ጠበኞች ቁጭ ብለው በቃል መነጋገር ነው፤ እንደ ሽምግልና ያለ ነገር።

አልተሳካም። ሕንፃው ተከበበ። በዚያ ግርግር የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያም በአንደኛው ጄኔራል ተገደሉ። ደም ይቁም ብሎ የተነሣ እጅም ደም ነካው። ጄኔራል መርዕድና ጄኔራል አምኃ ራሳቸውን አጠፉ። ጄኔራል ደምሴም በቀናት ውስጥ አስመራ ላይ ተገደሉ። የተረፉት ታሰሩ።

አሁን የሚገርመውን እንንገራችሁ። አራት ወር ሳይሞላ፣ በጳጉሜን 1981 ዓ.ም.፣ መንግሥት ራሱ አሜሪካ አገር አትላንታ ከተማ ከሻዕቢያ ጋር ለድርድር ተቀመጠ። አሸማጋዩ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ነበሩ። ጄኔራሎቹ ግን «እንደራደር» ያሉበትን ዋጋ በእስር ቤት እየከፈሉ ነበር። ድርድሩ ፍሬ አልሰጠም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች። ግንቦት 11 ቀን 1982 ዓ.ም. ከታሰሩት 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ።

ጦርነቱ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ቀጠለ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ተበተነ። አሰብ ከነበረው ብዙው ወደ ጅቡቲ ተሻገረ። ከሰሜን የተነሣው በእግሩ፣ እንጀራ እየለመነ፣ ወደየቀዬው ገባ። ለብዙ ቤተሰብ የልጁን መሞት የሚያረዳ እንኳ አልነበረም። እናቶች መንገድ ዳር ወጥተው አላፊውን ወታደር «የኔን ልጅ አይተኸው ይሆን?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።