ዓይን ሲደክም ባለቤቱ ስለ ምን አያውቅም?

ከሚኤሶ ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የሚወጣ መንገደኛ አገሩ ከቆላ ወደ ወይና ደጋ ሲለወጥ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስለሚያየው ያስተውለዋል። የገዛ ዓይኑ በብዙ ዓመት ሲደክም ግን አይታወቀውም፤ አእምሮ የዛሬውን እይታ ከትናንቱ ጋር እንጂ ከዱሮው ጋር አያመዛዝንምና። ግላኮማ የተባለው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕመም የእይታን ዳርቻ ያጠፋል። የጎደለውንም ስፍራ አእምሮ በዙሪያው ባለው እየሞላ ስለሚያሳይ፥ ታማሚው ጨለማ አያይም። አንዱ ዓይን ብቻ ቢደክም ደግሞ ሌላው ይሸፍንለታል።

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶው ሕዝብ 1.6 የሚሆነው ዕውር ሆኖ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያትም ቀስ በቀስ የሚመጣው የዓይን ሞራ ነበር።

ስለዚህ መምህራን ተማሪው እስኪያመለክት አይጠብቁ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደብዛዛ የሚያይ ልጅ ሰው ሁሉ እንደርሱ የሚያይ ይመስለዋል፤ ሰነፍ መባሉም ያሳዝናል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የ«ኢ» ሰሌዳ ብርሃን ባለበት ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ልጁም በ6 ሜትር ርቀት ቆሞ፥ አንዱን ዓይን ሳይጫን በመዳፉ ከድኖ፥ የፊደሉ ጣቶች ወዴት እንደሚያመለክቱ በእጁ ያሳይ። ከዚያም ሌላው ዓይን በተራው ይፈተን። በአንደኛው እንኳ ያቃተው ልጅ ከወላጁ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።