ማሳሰቢያ፦ ቀልብዎን ታክሲ ውስጥ ረስተው እንዳይወርዱ

ይህ ማሳሰቢያ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በሌሊት ተነስተው አዲስ አበባ ውለው ለሚመለሱ፣ እዚያው በየፋብሪካው በፈረቃ ለሚሠሩም ነው። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ የታክሲ ሰልፉ ግን እንደየመንገዱ ነው። የሰበታው በጅማ መንገድ ወደ አየር ጤና፣ የቡራዩው በአምቦ መንገድ ወደ አስኮ ይሄዳል፤ የሱሉልታው በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ አዲሱ ገበያ ይወርዳል። የቢሮ ሥራ የሚጀመረው 2 ሰዓት ተኩል ቢሆንም ጭንቀቱ 11 ሰዓት ላይ፣ በጨለማ ጫማ ሲፈለግ ጀምሯል።

ምክር የምሰጠው ከሌላው ስለተሻልኩ አይደለም። ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ የምኖር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ዓመት ለሰኔ ሒሳብ መዝጊያ ሰባት ሳምንት ያለ እሑድ ዕረፍት ሠርቼ አንዱን ኢንቮይስ ሁለቴ ከፈልኩት። ቁጥሩን አይቼዋለሁ፣ ፈርሜበታለሁ፤ አላነበብኩትም። የዚያን ዕለት ማታ ከአስኮ ወደ ቤት እንዴት እንደመጣሁ ላስታውስ ብሞክር አንድም ነገር አልመጣልኝም። ለረዳቱ መክፈሌን እንኳ ያወቅኩት መልሱን ኪሴ ውስጥ ሳገኘው ነው።

እኛ «ቀልብ መሰብሰብ» የምንለውን ሌላው ዓለም «ማይንድፉልነስ» ይለዋል። ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው ታካሚዎች ሥልጠና አድርጎ ጀመረው፤ ከዚያ ወደ ቢሮው ሁሉ ገባ። የቡድሃ እምነት ተከታዮች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ በገዳሞቻችንም ጽሞና የሚባል ነገር አለ። በሥራ መዛልን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል፤ በሽታ አላለውም። ምልክቶቹን ሦስት ይላቸዋል፦ ጉልበት መሟጠጥ፣ ሥራውን መጥላትና ከሱ መራቅ፣ የሚሠሩት ሁሉ የማይረባ መምሰል።

እንግዲህ፦

ሰልፉ ላይ ይጀምሩ። ለዚህ ተብሎ የሚነጠፍ ምንጣፍ የለም። ሁለት እግርዎ መሬት መርገጡን ልብ ይበሉ፤ ከዚያ አሥር ትንፋሽ ይቁጠሩ፤ ሲያወጡ ከማስገባትዎ ትንሽ ይርዘም። የሱሉልታ ሰዎች እዚህ ላይ ዕድለኞች ናችሁ፤ በዚያ ብርድ ጠዋት ትንፋሽ በዓይን ስለሚታይ ለመቁጠር ይመቻል። አራት ላይ ሳሉ ሐሳብዎ ወደ ቤት ኪራይ ቢሄድ አይናደዱ፤ ከአንድ ይጀምሩ። መሄዱን ማወቅዎ ራሱ ልምምዱ ነው። እኔ ስድስት ወር ሞክሬ አሥር የምደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ወረፋዎን ሌላ ሰው እንዳይወስደው ግን ዓይንዎ ክፍት ይሁን።

ሹፌር፣ የባጃጅ ነጂና ማሽን ላይ ያላችሁ፣ ዓይን ጨፍኖ መተንፈስ የእናንተ አይደለም። ሰበታ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ የነበረች ጎረቤቴ የማሽኑን ድምፅ ታዳምጥ ነበር። ክር ከመበጠሱ በፊት ድምፁ እንደሚቀየር ነግራኛለች። ድምፁን መስማት ያቆመች ቀን መድከሟን ታውቃለች፤ ለሱፐርቫይዘሩ ተናግራ ውሃ ልትጠጣ ትወጣለች። ጣት የሚሄደው እጅ ሥራ ላይ ሆኖ ልብ ቤት ሲሆን ነው።

ቡናዎን በቡናነቱ ይጠጡ። አለም ገና ወይም አሸዋ ሜዳ መንገድ ዳር በላስቲክ ጥላ ሥር የምታፈላዋ ልጅ ጀበናውን አውርዳ እስኪሰክን ትጠብቃለች። እሷ ትጠብቃለች፤ እኛ በዚያች ደቂቃ ስልክ እንከፍታለን። ስልኩን በፊቱ ይድፉትና የስኒውን ሙቀት በጣትዎ፣ የጤናዳሙን ሽታ በአፍንጫዎ ይያዙት። አቦሏ ትበቃለች፤ ሦስተኛውን ልጠብቅ ካሉ ቢሮ ይረፍዳል።

ከመፈረምዎ በፊት እስክሪብቶውን ያስቀምጡት። ከዚያች ኢንቮይስ ወዲህ ይህን አደርጋለሁ፦ እስክሪብቶ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ትንፋሽ፣ ከዚያ የገንዘቡን ልክ በለሆሳስ በፊደል ማንበብ። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ስቀውብኛል።

ለምሳ ሰዓት ሶላት ወይም ለጸሎት ወጣ የሚለውን ባልደረባዎን «የት ጠፋ» አይበሉት። እሱ ከሁላችንም ቀድሞ ገብቶታል።

በጫት «ትኩረት» አይግዙ። ምርቃናው ሲያልፍ የሚመጣው የእንቅልፍ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው የነገ ሥራ ነው። ማታ ምርቃናውን ለማብረድ የሚጨመረው ቢራም እንቅልፉን ያበላሸዋል። ይህን ስል ሊቆጡኝ ቤቴ በር ድረስ የሚመጡ ወዳጆች እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ዝግ ያለ ቀን ይኑርዎ። ሱሉልታ የአገራችን ሯጮች መናኸሪያ ናት፤ ቀነኒሳ በቀለ የልምምድ ማዕከሉን የሠራው እዚያ ነው። ማልዶ የተነሳ ሰው ሯጮቹን ሜዳው ላይ ያያቸዋል፤ አንዳንድ ጠዋት እያወሩ፣ ሶምሶማ እየሮጡ ነው። ፈጣን ልምምድ በተሠራ ማግስት ዝግ ያለ ሩጫ ይመጣል፤ በመሃል እንቅልፍ አለ። ሻምፒዮኑ እንዲህ እያረፈ እኛ ከሰኞ እስከ እሑድ በአንድ ፍጥነት እንሮጣለን። ጎረቤትዎ በኦሮምኛ «ሱታ» ካለዎት፣ ቀስ ይበሉ ማለቱ ነው፤ ይስሙት።

አሁን ለአለቆች። ይህን ረዘም አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም የትንፋሽ ሥልጠና ሰጥቶ ዕረፍት የሚከለክል መሥሪያ ቤት አይቻለሁ። አሠልጣኝ ቀጠረ፣ የሆቴል አዳራሽ ተከራየ፤ ዓይናችንን ጨፍነን ባሕር አሰብን፤ እሑድ ግን ሥራ ግቡ ተባልን። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሰባት ቀን ውስጥ ያልተቋረጠ ቢያንስ 24 ሰዓት ዕረፍት አለ። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ክፍያውም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው 1.5፣ ከዚያ እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፤ አዋጁ ከፈቀደው ሁኔታ ውጭ በገንዘብ መለወጥም ክልክል ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው፤ ይጠይቅ። እኛ ሠራተኞችም ጥፋት አለብን፦ ፈቃዱን ለሠርግና ለቤት ሥራ እያልን እናጠራቅመዋለን፤ እኔ ሁለት ዓመት አስተላልፌዋለሁ።

በግድ ዝም አይበሉ፤ ሌላውንም ዝም በል ብለው አያስገድዱ። በነዚህ ከተሞች ክፉ ቀን ያየ ሰው ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ትንፋሹ ሳይሆን ያየው ነገር ሊመጣበት ይችላል። እሱ ዓይኑን ገልጦ ይራመድ፣ ዕቃ ይጠብ፣ ሽንኩርት ይላጥ፤ ቀልብ በእጅ ሥራም ይሰበሰባል። ሳምንታት እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ መኖር ከታከተ ግን ይህ ማሳሰቢያ አይበቃም፤ ሳይውሉ ሳያድሩ በአቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልን ስም ለቢሮ ቀልድ አያውሉ። ቀልዱን ሰምቶ ሳይሄድ የቀረ ሰው አውቃለሁ።

የቢሮ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማታ 3 ሰዓት «አስቸኳይ» ብለው አይለጥፉ። ነገ ጠዋት ሊነበብ የሚችል ከሆነ አስቸኳይ አይደለም። የኔን ግሩፕ ድምፁን ዘግቼዋለሁ፤ እስካሁን የጠፋ ገንዘብ የለም።

«ወራጅ አለ» ከማለትዎ በፊት ስልክዎን ኪስዎ ይክተቱ። ከፌርማታው እስከ ቤትዎ ያለውን ኮረኮንች በእግርዎ ብቻ ይሂዱት፤ ዝናብ ከሆነ ጭቃው ራሱ ልብ ያስገዛል። እኔ አሸዋ ሜዳ ስወርድ ከባለሱቁ ጋር ሰላም እባባላለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ሱቁን ሰማያዊ ቀለም መቀባቱን አየሁ። ከተቀባ አራት ወሩ ነው አለኝ።