ከበርጫ በኋላ ሽንት አልወርድ ሲል፦ ደረጃ በደረጃ

ድሬዳዋ ላይ ጫት ለመቃም በርጫ የሚቀመጥ ሁሉ ያውቀዋል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ሽንት መጣ መጣ ይላል፣ ሲሄዱ ጠብ ጠብ ብቻ። በዚያ ሙቀት "ብርድ መቶኝ ነው" ይባላል።

ነገሩ የነርቭ ነው። አንደኛው ነርቭ አሴቲልኮሊን ለቆ የፊኛውን ጡንቻ ያኮማትራል፤ ሽንት ይወጣል። ሌላው ኖርአድሬናሊን ለቆ የፊኛውን አንገት ያጠብቃል፤ ሽንት ይቆያል። በጫቱ ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ ኖርአድሬናሊንን ከነርቭ ጫፍ እንደሚያስለቅቅ በእንስሳት ሙከራ ታይቷል። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ የየመን ጥናትም ጤናማ ወንዶች ሲቅሙ የሽንታቸው ፍሰት እንደሚቀንስ፣ የኖርአድሬናሊንን መቀበያ የሚዘጋው ኢንዶራሚን ሲሰጣቸው ደግሞ ችግሩ እንደሚቀል አሳይቷል።

1. መለኪያ ይሥሩ። የሃይላንድ አፍ ይቁረጡ፤ በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አሥር ጊዜ ውሃ ጨምረው 100 ላይ ያስምሩ። እንዲሁ እያሉ እስከ 500 ይቀጥሉ።

2. ሁለት ቀን ይመዝግቡ፤ አንዱን የቃሙበት፣ አንዱን ያልቃሙበት። ሰዓቱን፣ የሸኑትንና የጠጡትን መጠን፣ ሽንቱ እስኪጀምር መዘግየቱን ይጻፉ።

3. ያወዳድሩ። ሳይቅሙ 300 ገደማ በአንዴ ወጥቶ፣ ሲቅሙ 100 የማይሞላ ከሆነ ቅጠሉን ይጠርጥሩ። በሁለቱም ቀን ካስቸገረ፣ በተለይ ዕድሜዎ ከ50 ያለፈ ወንድ ከሆኑ፣ ፕሮስቴትዎን ይታዩ።

4. ከመቀመጥዎ በፊት ይሽኑ። ጨዋታው ደርቷል ብለው ሽንት አይያዙ። ሽንት ፈርተው ውሃ አይቀንሱ፤ የድሬ ፀሐይ አይምርም።

5. ኪኒንዎን ይፈትሹ። ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት የፊኛውን አንገት ያጠብቃል፤ ክሎርፌኒራሚንና አሚትሪፕቲሊን የፊኛውን ጡንቻ ያዳክማሉ። ከጫት ጋር ሲደራረቡ ይብሳል። ሐኪም ያዘዘልዎትን ግን ሳያማክሩ አያቋርጡ።

6. መፍትሔ ብለው ከፋርማሲ በራስዎ አይግዙ። እንደ ታምሱሎሲን ያሉት የፊኛውን አንገት ቢያላሉም የደም ግፊት ጥለው ሲነሱ ሊያዞሩ ይችላሉ።

7. ጭራሽ እምቢ ካለና ከእምብርት በታች ከተወጠረ አይደሩ፤ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሽንቱ በካቴተር ይወጣል። ደም ወይም ትኩሳት ካለም አይዘግዩ።

ሐኪም ዘንድ ደብተርዎን ይዘው ይግቡ፤ ስንት ዙርባ እንደሚቅሙም አይደብቁ። ጫቱ ሳይነገር የታዘዘ ኪኒን ከጫቱ ጋር ሲጓተት ይከርማል።